የ18 ዩሮው ቲኬትና ባዶው አደባባይ፦ የሮም ታሪካዊ ስፍራዎች በአንድ ተማሪ ዓይን

ሮም ውስጥ የሲቪል ምህንድስና ማስተርሴን መማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከሀገር ቤት የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ «ኮሎሲየሙን አየኸው?» ይለኛል፤ ጥንታዊውን የሮማውያን የትርኢት ስታዲየም ማለቱ ነው። ከእኔ በኋላ ስኮላርሺፕ አግኝተው የመጡ ልጆች ደግሞ ዶርም ከያዙ በኋላ የሚጠይቁኝ የትኛው ቦታ ገንዘብ ሊከፈልበት እንደሚገባ፣ የትኛውንስ ደጁን አይቶ ማለፍ እንደሚበቃ ነው። በየወሩ ከሚደርሰን ገንዘብ ላይ ኪራይና ምግብ ሲነሳ ለጉብኝት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ 18 ዩሮ ከፍሎ ምን እንደሚያገኝ፣ ምን እንደሚቀርበትና ያለ ክፍያ ምን ማየት እንደሚችል አስቀድሞ እንዲያውቅ ብዬ ይህን ግምገማ ጽፌያለሁ።

የመጀመሪያ ጉብኝቴ በከንቱ የባከነ ነበር። ከሜትሮው ስወጣ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ ቀርቦኝ፣ ሰልፍ ሳልጠብቅ እንደምገባና አስጎብኚም እንደሚመደብልኝ ነግሮ 45 ዩሮ አስከፈለኝ። ያ ገንዘብ ለእኔ ከሳምንት በላይ የሚሆን አስቤዛ ነበር። የላከውን ድርጅት ስም እዚህ ማንሳት አልፈልግም። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች እስክንሰበሰብ ድረስ ፀሐይ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆምን፤ የተሰጠኝ የጆሮ ማዳመጫ የአስጎብኚውን ድምፅ እየቆራረጠ ያሰማኝ ነበር፤ ውስጥ የቆየነውም ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ወደ ፎረሙ (ወደ ጥንታዊቷ ሮም ዋና አደባባይ ፍርስራሽ) በር ስንደርስ አስጎብኚው «ከዚህ በኋላ በራሳችሁ መቀጠል ትችላላችሁ» ብሎ ተሰናበተን። ከግማሽ ቀን ድካም በኋላ ምን እንደማይ የሚነግረኝ ሰውም ሆነ ያነበብኩት ነገር ስላልነበረኝ ጥቂት ዓምዶችን ፎቶ አንስቼ ወጣሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ቲኬቱን መንገድ ላይ ከሚያገኙት ሰው ሳይሆን ከራሱ ከቦታው አስተዳደር እንዲገዙ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ቲኬቱን በራሴ ገዛሁ። ዋጋው 18 ዩሮ ሲሆን ለ24 ሰዓት ያገለግላል፤ ኮሎሲየሙን፣ የሮማ ፎረምንና የፓላቲኖን ኮረብታ በአንድነት ያስገባል። ለኮሎሲየሙ የሚገባበት ሰዓት አስቀድሞ ይመረጣል፤ ቲኬቱም በስም የሚቆረጥ ስለሆነ በሩ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ገና ያልደረሰላቸው ተማሪዎች ለማመልከቻቸው ፖስታ ቤት የሰጣቸውን ደረሰኝ ብቻ ይዘው ከመሄድ ፓስፖርታቸውን ቢይዙ ይሻላቸዋል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች በ2 ዩሮ ይገባሉ፤ በአንድ ክፍል አብረን የምንማር ጣሊያናውያን ጓደኞቼ ለዚያው በር የዘጠኝ እጥፍ ያነሰ ይከፍላሉ። ይህ ልዩነት ባይደሰትበትም አውቆ መሄድ ይጠቅማል። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መግቢያው ለሁሉም ነፃ ነው፤ ሕዝቡ ግን ብዙ ስለሆነ ፎረሙን ተረጋግቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ያን ቀን አልመርጥለትም።

የኮሎሲየሙን ግንባታ በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ ያስጀመረው ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን ነው፤ ቦታው ቀደም ሲል ኔሮን ለቤተ መንግሥቱ ያስቆፈረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነበር። በ80 እ.ኤ.አ. መርቆ የከፈተው ልጁ ጥጦስ ሲሆን፣ ኢየሩሳሌምን በ70 እ.ኤ.አ. ያፈረሰው ያው ጥጦስ ነው። ሕንፃው 188 ሜትር ርዝመት፣ 156 ሜትር ወርድና 48 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ሕዝቡ የሚገባው ከታች ከተደረደሩት 80 ቅስቶች ቁጥር በተሰጣቸው በ76ቱ ሲሆን፣ ባልፈረሰው የሰሜን ግድግዳ ላይ ከ23 እስከ 54 ያሉት የበር ቁጥሮች በሮማ ቁጥር እንደተቀረጹ ዛሬም ይነበባሉ። አዲስ አበባ ስታዲየም ትልቅ ጨዋታ በሚኖርበት ቀን በር ላይ የሚሆነውን ግፊያ የሚያውቅ ሰው፣ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች የየበሩን ቁጥር እያየ ያለ መጨናነቅ እንዲገባ ታስቦ መሠራቱን ሲያይ መደነቁ አይቀርም።

እኔን ግን ከምንም በላይ የያዘኝ ድንጋዩ ነው። ግድግዳው ላይ ክንድ የሚያስገቡ ሻካራ ቀዳዳዎች በየቦታው ይታያሉ፤ ብዙ ጎብኚዎች የጦርነት ጥይት የመታው ይመስላቸዋል። በእርግጥ ግን ሮማውያን የትራቨርቲን ድንጋዮቹን እርስ በርስ ያያያዙት በኖራ ሳይሆን በብረት ማሰሪያ ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ብረት ውድ ሲሆን ሰዎች ግድግዳውን እየፈለፈሉ ማሰሪያውን አወጡት። ሕንፃው ዋነኛ ማሰሪያዎቹ ከወጡለት በኋላም ቆሞ መገኘቱ ስለ ክብደትና ስለ ቅስት በክፍል ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ ይበልጥ አስተማረኝ። ደቡባዊው የውጭ ግድግዳ በ1349 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ ድንጋዩ ለሌሎች ሕንፃዎች ግንባታ ውሏል።

በምሥራቅ በኩል ባለው የግድግዳው ጫፍ ደግሞ ብዙ ሰው ቀና ብሎ ሳያየው የሚያልፈው ነገር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት የመጨረሻዎቹ ቅስቶች ሊናዱ ሲሉ፣ ራፋኤሌ ስተርን የተባለ አርክቴክት ግዙፍ የጡብ ድጋፍ አቆመላቸው፤ የቅስቶቹንም ክፍተት በጡብ ሞላው። የተንሸራተቱትን ድንጋዮች ወደ ቦታቸው ለመመለስ አልሞከረም፤ ባሉበት ያዛቸው። ዛሬ ከሥሩ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የቅስቱ ቁልፍ ድንጋይ ከመስመሩ ወርዶ፣ ጎረቤቶቹ ተሰንጥቀውና ተዛንፈው፣ በመውደቅ ላይ ሳሉ በጡብ መካከል እንደቆሙ ያያቸዋል። ለዚያ አንድ ጥግ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሰጥቻለሁ፤ የምህንድስና ተማሪ የሆነ ሁሉ እንዲያየው አጥብቄ እመክራለሁ። የሚታየው ከውጭ ስለሆነም ምንም አያስከፍልም። ከውስጥ በመደበኛው ቲኬት የሚታዩት መቀመጫዎቹ የነበሩባቸው ደረጃዎችና ከላይ ወደ ታች የሚታየው ምድር ቤት ናቸው። ወደ ምድር ቤቱ ለመውረድና አሬናው (የትግሉ መድረክ) ላይ ለመቆም የበለጠ ውድ ቲኬት ያስፈልጋል፤ እኔ አልገዛሁትም፤ ከላይ ያየሁትም አጥግቦኛል።

ከሦስቱ ስፍራዎች የቲኬቱን ዋጋ የሚመልሰው ፎረሙ ነው። ኮሎሲየሙን በአንድ ሰዓት ጨርሶ ለፎረሙ ሦስት ሰዓት መስጠት ትክክለኛ አከፋፈል ይመስለኛል፤ አብዛኛው ጎብኚ ግን ተገላቢጦሹን ያደርጋል። መግቢያው አጠገብ በጥጦስ ስም የቆመው ቅስት አለ። በውስጠኛው ግድግዳው ላይ የሮማ ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ፣ የገጹን ኅብስት ገበታና መለከቶቹን በትከሻቸው ተሸክመው ሲገቡ ተቀርጸዋል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በኦሪት ሲነበብ የሰማውን መቅረዝ በማራኪዎቹ ትከሻ ላይ ሲያየው የሚሰማውን ስሜት የኛ ሰው በቀላሉ የሚረዳው ይመስለኛል። እኔ ራሴ ብዙ ቆይቼ ነው የሄድኩት። ሌሎች ጎብኚዎች የቅስቱን ውበት ሲያደንቁ እኔ ዓይኔ ያረፈው ከተሸካሚዎቹ አንዱ በሸክሙ ክብደት ጎንበስ ባለበት አቋም ላይ ነበር።

ፎረሙ ውስጥ ሌላ እንዲታይልኝ የምፈልገው የአንቶኒኖስና የፋውስቲና ቤተ መቅደስ ነው። በዓምዶቹ መካከል የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በሩ ግን ዛሬ ካለው መሬት ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደረጃ ሳይኖረው፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። በሩ ሲሠራ መሬቱ እዚያ ድረስ በአፈር ተሞልቶ ነበር፤ በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ጥንታዊውን ወለል ሲያወጡት በሩ ከላይ ቀረ። በዘመናት ውስጥ ምን ያህል አፈር በከተማው ላይ እንደተከመረ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም። ከዚያ ወደ ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ቅስት ይዘልቃሉ፤ በ203 እ.ኤ.አ. የቆመለት ይህ ንጉሠ ነገሥት የተወለደው አፍሪካ ውስጥ፣ ዛሬ ሊቢያ በምንላት ሀገር በሌፕቲስ ማግና ነበር። ፓላቲኖ ኮረብታ ላይ ለመውጣት ጉልበት የቀረው ሰው ፎረሙን ከላይ ለማየት ቢወጣ መልካም ነው፤ ፍርስራሾቹን ግን ያለ መመሪያ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ እኔም አልለየኋቸውም። የውሃ ጠርሙስ መያዝ አይዘንጋ፤ ናሶኒ በሚባሉት የመንገድ ቧንቧዎች ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ በነፃ ይሞላል።

ፓንቴዮን የሚባለው የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ 5 ዩሮ ያስከፍላል። ይህን ክፍያ ሳልሰስት ደጋግሜ ከፍየዋለሁ። በንጉሠ ነገሥት ሀድሪያን ዘመን፣ በ126 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጠናቀቀው ጉልላት 43.3 ሜትር ስፋት አለው፤ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ከፍታም ከስፋቱ ጋር እኩል ነው። ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ሆኖ በዓለም ላይ እስካሁን የሚበልጠው ጉልላት የለም። ምስጢሩ ክብደቱ ላይ ነው፦ ከታች ስድስት ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው ግድግዳ ወደ ላይ ሲሄድ ወደ 1.2 ሜትር ይቀጥናል፤ ኮንክሪቱ ውስጥ የተጨመረው ድንጋይም ከታች ከባድ ትራቨርቲን ሆኖ ይጀምርና ጫፉ ላይ ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሆናል። ሀገር ቤት ለልምምድ ሳይት ላይ በወጣሁበት ክረምት ብሎኬት አምራቾቹ ሲያቦኩት የነበረውን ፑሚስ ሮማውያኑ እላይ፣ ቀላል ነገር ከምንም በላይ በሚፈለግበት ቦታ አኑረውት ሳገኝ በእውነት ደስ አለኝ። ጉልላቱ መሐል ያለው ክብ ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይዘንባል። አንድ ኅዳር ማለዳ ዘንቦ አየሁት፦ የውሃው ዘንግ ቀጥ ብሎ ወርዶ ወለሉን ይመታል፤ ወለሉ መሐሉ ላይ በጥቂቱ ጉብ ብሎ ስለተሠራ ውሃው ወደተበሱት ትናንሽ ቀዳዳዎች ፈስሶ ይሰርጋል። ከ609 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ዛሬም ይጸለይበታል፤ ምናልባት ሳይፈርስ የቆየው በዚህ ምክንያት ይሆናል።

የቫቲካን ሙዚየሞችን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። የወሩ የመጨረሻ እሑድ በነፃ ይገባል፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነው፤ ሲስቲን ቤተ ጸሎት ውስጥም በሕዝብ ብዛት ምክንያት አንገትን ቀና አድርጎ መቆም እንኳ ያስቸግራል። ለእኛ የበለጠ የሚነካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በሙዚየሙ ቲኬት ግን አይደረስበትም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ሲሆን፣ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመው ያወጡት በዚያ ኖረው፣ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. ነበር። ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር የተገናኘውም በ1649 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሮም ውስጥ ነው። ያን ግቢ ከውጭ እያየሁ፣ ከእኛ በፊት ለትምህርትና ለምርምር በዚህች ከተማ የኖሩ ሰዎች እንደነበሩን ማሰቤ የብቸኝነቴን ስሜት አቅልሎልኛል።

ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። በየቀኑ አውቶቡስ ስጠብቅበት የነበረው ይህ ቦታ የተሰየመው በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ መሆኑን ያወቅሁት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ጥቂት ርምጃ እልፍ ብሎ፣ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያዎች አጠገብ፣ ዛፎች መሐል የሟቾቹ ስም የተጻፈበት ሐውልት አለ፤ ከላዩ ላይ የተተከለው ድንጋይ ከግብፅ የመጣ የፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ዘመን ኦቤሊስክ (ሹል የድንጋይ ዘንግ) ነው። በፋሺስቱ ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ የቆመው በዚሁ ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘውም እዚሁ ነው። አንበሳው ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ለገሃር ፊት ቆሟል። ሐበሾች በብዛት የምንመላለስበት ሰፈር መሐል ያለ ቦታ ስለሆነ፣ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ሊታይ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ያስቀመጥኩት ስፍራ ግን ምንም የማይታይበት ነው። በሜትሮ ቢ ከኮሎሲየሙ አንድ ፌርማታ አልፎ ቺርኮ ማሲሞ የሚወርድ ሰው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትን (ፋኦን) ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ያገኘዋል፤ ፖርታ ካፔና በሚባለው በዚህ አደባባይ ላይ ነበር የአክሱም ሐውልት የቆመው። በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ እዚያ ተተከለ፤ በ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል ጣሊያን በ18 ወራት ውስጥ የዘረፈችውን እንድትመልስ ብትገደድም፣ 24 ሜትር የሚረዝመውና 160 ቶን ያህል የሚመዝነው ሐውልት የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት በረራ አክሱም ገባ፤ እንደገና ቆሞ የተመረቀው በነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። በቦታው ዛሬ ለሴፕቴምበር 11ዱ የኒውዮርክ ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል፤ ትራሙና መኪናው በዙሪያቸው ይተላለፋል።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ ነጠላ ከኮታቸው በላይ ጣል ያደረጉ አንዲት እናት ትራም ይጠብቁ ነበር። ሰላም ብያቸው ወሬ ጀመርን። በ1960ዎቹ በቤት ሠራተኝነት እንደመጡ፣ ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ እንደነበር ነገሩኝ። «ሴቶቹ የት እንገናኝ ሲባባሉ ‹ሐውልቱ ጋ› ነበር የሚሉት፤ እዚህ ቁጭ ብለን ከቤት የመጣ ደብዳቤ እንነባበባለን» አሉኝ።

«እትዬ፣ አሁን ቦታው ባዶ ሆኖ ሲያዩት አይከፋዎትም?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ሲፈቱት ቆሜ አይቻለሁ፤ አልቅሻለሁም። ግን ለምን ይከፋኛል ልጄ? አክሱም ሄጄ አላየሁትም እንጂ፣ እሱስ እቤቱ ገብቷል» ብለው ሦስት ቁጥር ትራም ስትመጣ ተሳፍረው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ የመጣ ተማሪ ከተማውን እንዳሳየው ሲጠይቀኝ ጉብኝቱን የማስጀምረው ከዚህ አደባባይ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቺርኮ ማሲሞ እንገናኛለን፤ ሐውልቱ የቆመበትን ቦታ ካየን በኋላ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ወደ ኮሎሲየሙ በእግር እንጓዛለን፤ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ድል አድራጊዎቹ የሮማ ሠራዊት ምርኮና ዘረፋቸውን ይዘው ወደ ከተማዋ የሚዘልቁት በዚሁ አቅጣጫ ስለነበር፣ የጥጦስ ቅስት ፊት ስንደርስ መቅረዙን የተሸከሙት ወታደሮች በየት በኩል እንደመጡ ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። ወደ ፎረሙና ወደ ፓላቲኖ የሚያስገባ በር በዚሁ መንገድ ላይም አለ፤ ሰልፉ ከዋናው በር አጠር ስለሚል እኛ የምንገባው በዚያ ነው።